ኩሬው ሲሞላ ውሃው ወዴት ይሄዳል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ነው። ከቤታችን ጀርባ አምስት በአራት ሜትር የሚሆን ባዶ ቦታ አለ። ትንሽ ኩሬ ሠርቼ ዓሳና አበባ ላደርግበት አስቤያለሁ። ግንበኛ ባማክር በሲሚንቶ ይሁን አለኝ። ባለቤቴ ደግሞ «ቢንቢ ልትጠሪብን ነው» እያለ ነው። ሁለት ልጆች አሉን፤ ትንሹ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ሌላው፣ የእምቦጭ ሐምራዊ አበባ በጣም ደስ ይለኛል። አንድ ሁለት ሥር አምጥቼ ብተክል ምን ችግር አለው? ግቢዬ ውስጥ ስለሆነ የትም አይሄድም ብዬ ነው።

መልስ፦ ልጄ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። እምቦጩን አታምጪው፤ አንድም ሥር ቢሆን።

የምንለያየው «የትም አይሄድም» ያልሽው ላይ ነው። ሐምሌ ሲገባ ኩሬሽ ይሞላል። ሞልቶም ይፈሳል። የሚፈሰው ወደ ቦዩ ነው፤ ቦዩ ደግሞ ወደ ዓባይ። የእምቦጭ ፍሬ በጣም ደቃቅ ነው፤ ጭቃ ውስጥ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ቆይቶ ሊበቅል ይችላል። ተክሉ ራሱ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ጣና ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ፎገራና ደምቢያ ያሉ ገበሬዎች ውሃ ውስጥ ቆመው ሲነቅሉት ስንት ቀን እንዳሳለፉ አንቺም ታውቂያለሽ። እኔም ከሰፈር ሰዎች ጋር ለነቀላ ሄጃለሁ። አንድ እቅፍ የማይሞላው ውሃውን ይዞ ሲወጣ ወገብ ይቆርጣል። ሥሩ እንደ ጥቁር ጸጉር ተንዘርፎ ክንዴ ላይ ሲጠመጠም አሁንም ይታወሰኛል። አበባው ያምራል፣ እውነት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ዓይኔ አበባውን አያይም።

በምትኩ የጣናን የራሱን የውሃ አበባ ትከዪ፤ ያ ቅጠሉ ክብ ሆኖ ውሃው ላይ የሚተኛው። ደንገልም በባልዲ ውስጥ ተተክሎ ይኖራል፤ ባልዲው ሥሩን ያዝልሻል። ከሐይቁ ዳር የመጣ ተክል ሁሉ ግን ጭቃው እስኪለቅ በቧንቧ ውሃ ይታጠብ። ቅጠሉን ገልብጠሽም እዪ፤ ቀንድ አውጣና እንቁላሉ አብሮ ይመጣል። ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ጣና ዳር አሉና ይህን በዋዛ አትለፊው።

አሁን ወደ ሲሚንቶው። የመጀመሪያ ኩሬዬን ሽምብጥ ሳለሁ በሲሚንቶ ነበር ያሠራሁት፣ ኅዳር ላይ። አፈሩ መረሬ ነው፤ ጥቁር ሸክላ። መጋቢት ላይ መሬቱ ጣቴ እስኪገባ ተሰነጠቀ፤ ኩሬውም አብሮት። አንድ ቀን ጠዋት ብወጣ ሰባቱ ዓሶች አንድ ጥግ ላይ በቀረች ውሃ ውስጥ ተደራርበው አፋቸውን ይከፍታሉ። ሦስቱን ብቻ ነው ያተረፍኩት። ስለዚህ መጀመሪያ አፈርሽን እዪ። ርጥቡን በመዳፍሽ ድቡልቡል አድርገሽ እንደ ገመድ አሹው። ሳይቆረጥ ቀለበት ከሠራ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ አፈር ነውና ሲሚንቶውን ተዪው። ገበሬዎች ለውሃ ማቆሪያ የሚያነጥፉት ጥቁር ወፍራም ፕላስቲክ፣ ጂኦሜምብሬን የሚባለው፣ ከመሬቱ ጋር ይተጣጠፋል።

ልኩ እንዲህ ነው። ኩሬሽ 3 በ2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 70 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ለርዝመቱም ለስፋቱም የጥልቀቱን እጥፍ ጨምሪ፤ ዳርና ዳሩ ላይ ደግሞ 30፣ 30 ሳንቲ። ስለዚህ 5 በ4 ሜትር ፕላስቲክ ትገዣለሽ። ከሥሩ የተነፋ አሸዋና አሮጌ የማዳበሪያ ጆንያ አንጥፊ። አንዱን ዳር 25 ሳንቲ ላይ ደረጃ አውጪለት፤ የደንገሉ ባልዲ እዚያ ይቀመጣል። ከማንጎና ከዋርካ ግን ራቂ፤ የወደቀ ቅጠል ውሃውን ያበሰብሰዋል፣ ሥሩም ፕላስቲኩን ይፈልገዋል።

ባለቤትሽ ስለ ቢንቢ ያለው ልክ ነው። ዓሳ የሌለበት የቆመ ውሃ በእኛ ሙቀት አንድ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል፣ እንቁላሉ በርሮ ይወጣል። ስለዚህ ዓሳው አይዘግይ። የቧንቧ ውሃ ከሞላሽ ክሎሪኑ እንዲወጣ ሁለት ሦስት ቀን ጠብቂና አምስት ስድስት የቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሳ) ጫጩት ጨምሪ። ጫጩት የት እንደሚገኝ ባሕር ዳር ያለውን የዓሳ ምርምር ማዕከል ጠይቂ። ቆሮሶ የቢንቢውን እጭ ይለቅመዋል። ችግሩ መብዛቱ ነው። እናቲቱ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ታሳድጋለች፤ ጫጩቶቹ ሲደነግጡ ተመልሰው አፏ ውስጥ ሲገቡ ካየሽ ከኩሬው ዳር አትነሺም። ግን ሲበዙ ሁሉም ይቀጭጫሉና በየጊዜው አውጥተሽ ጥበሺ። ከሌላ አገር የመጣ ጌጠኛ ዓሳ አታስገቢ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የታችኛውን ዓሳ ወደ ላይ ስለማያሳልፍ፣ ጣና ውስጥ ሌላ ቦታ የማይገኝ ነጭ ዓሳ አለ። እሱ ላይ እንግዳ አንጨምርበት።

ቅዳሜ ቅዳሜ በነጭ ኩባያ ከየጥጉ ቅጂና እዪ። የወባ ትንኝ እጭ ውሃው ላይ ጋደም ብሎ ነው የሚገኘው፤ የተራው ቢንቢ ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል። እኔ ያገኘሁት ኩሬው ውስጥ አልነበረም፤ አጠገቡ በተረሳ የአበባ ማሰሮ ሳህን ውስጥ ነበር።

ስለ ትንሹ ልጅሽ። የሁለት ዓመት ልጅ በአንድ ስንዝር ውሃ ሊሰምጥ ይችላል፣ ድምፅም ሳያሰማ። ቀዳዳው ከ10 ሳንቲ የማይበልጥ የፌሮ ፍርግርግ አስበይደሽ ከውሃው በላይ አጋድሚበት፤ አበባው በመሃሉ ይወጣል። ዙሪያውን አጥሪው፣ መዝጊያውም ልጁ የማይደርስበት ይሁን። ይህ ካልተሠራ አንድ ባልዲ ውሃ እንኳ አትሙዪ። ሦስት አራት ዓመት ብትጠብቂ እኔ የበለጠ ደስ ይለኛል።

ማፍሰሻውን ከግንቦት በፊት ጨርሺ። ከጠርዙ ዝቅ ያለ ቱቦ፣ አፉ ላይ ወንፊት፣ ጫፉ ወደ ሙዝ ተክልሽ እንጂ ወደ ቦዩ አይሁን።

ጥያቄ፦ ኩሬዬ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው አረንጓዴ ሆነ። ውሃውን ልቀይረው? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አትቀይረው፤ አዲሱም ይኸው ይሆናል። ለዓሳው የምትጥለውን እንጀራ አቁም፤ የተረፈው ነው አልጌውን የሚቀልበው። የውሃ አበባው ቅጠል የኩሬውን ግማሽ እስኪሸፍን ታገስ። እስከዚያ በሳምንት ሁለት ባልዲ እየቀዳህ ጎመንህን አጠጣበት።