የአዘቦት ዶሮ በሰው አገር፦ ቁሌቱ ይቅደም፣ ዶሮው ይዘግይ

ውጭ አገር በሚሠራ ዶሮ ወጥ ላይ ሁለት ቅሬታ ይሰማል። አንዱ «ሥጋው ተፈረካክሶ አጥንቱ ብቻ ቀረ» ነው፤ ሌላው «ወጡ ቀጠነ፣ በርበሬው ጥሬ ጥሬ አለ» የሚለው። የሁለቱም ምንጭ የፈረንጅ ዶሮን በሐበሻ ዶሮ ሰዓት መሥራት ነው። አገር ቤት የሚታረደው ዶሮ ሲሮጥ የኖረ ስለሆነ ሥጋው ጠንካራ ነው። ሰዓት ተኩል፣ ሁለት ሰዓት ቢንተከተክ አይበገርም፤ እሱ እስኪበስል ቁሌቱም አብሮ ይበስላል። ሱፐርማርኬት የሚሸጠው ግን ስድስት ሰባት ሳምንት የኖረ፣ ለሥጋ ተብሎ የተዳቀለ ጫጩት ነው ማለት ይቻላል። ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ ካለፈ ይፈርሳል፤ በዚያ ጊዜ ደግሞ ያልበሰለ ቁሌት አይበስልም። እንግዲህ ቁሌቱ አልቆለት «አሁን ቢበላም ይበላል» እስኪባል ድረስ ዶሮው ድስት ውስጥ አይግባ።

በሥራ ቀን ማታ ምድጃ ላይ ሁለት ሰዓት የሚቆም የለም። ስለዚህ ቁሌቱን ቅዳሜ ወይም እሑድ በብዛት ሠርታችሁ በረዶ ቤት አስቀምጡ። ለሦስት ዶሮ የሚሆነው ይኸው፦ 3 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ 350 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 240 ግራም በርበሬ (ሁለት ኩባያ ግድም)፣ 120 ግራም የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት፣ 60 ግራም ዝንጅብል። ይህ መካከለኛ የሚያቃጥል ነው። ልጆች ካሉ ከበርበሬው ሲሶውን በጣፋጭ ፓፕሪካ ተኩት፤ ቀለሙ አይጠፋም። የተጨሰ ፓፕሪካ ግን አይሁን፣ ወጡን ወደ ሌላ አገር ምግብ ይለውጠዋል። በርበሬውን ከሱቅ ከገዛችሁት ጨው ያለበት መሆኑን ቀድማችሁ ቅመሱ። ከአገር ቤት የመጣውን ደግሞ አየር በማያስገባ ዕቃ በረዶ ቤት አስቀምጡት፤ መደርደሪያ ላይ የከረመ በርበሬ ቀለሙ ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ ሽታውም ይሞታል።

የውጭው ሽንኩርት ትልልቅና ውሃማ ነው። ቢጫው ስኳር ስኳር ስለሚል ለቀይ ወጥ ቀዩን ምረጡ። በማሽን ስትከትፉ ተጫን ለቀቅ፣ ተጫን ለቀቅ እያደረጋችሁ ጥርስ ጥርስ ብሎ እንዲቀር አድርጉ እንጂ አታልሙት። የላመ ሽንኩርት ውሃውን በአንድ ጊዜ ይለቅና ከመቁላላት ይልቅ ይቀቀላል፤ የሚከነክነው ሽታውም ለመጥፋት ጊዜ ይወስዳል። ጨምቆ ውሃውን የሚደፋም አለ፤ ጣዕሙንም አብሮ እንደደፋው ይወቅ።

ድስቱ ሰፊና ታቹ ወፍራም ይሁን። ስስ ድስት በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ በአንድ ቦታ ይይዛል። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፣ ያለ ክዳን፣ መካከለኛ እሳት ላይ አቁላሉ። 3 ኪሎ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ይህን ማሳጠር አይቻልም። ሰዓት ከማየት ማማሰያውን አስተውሉ፦ ታቹን ሲጎትት የከፈተው መንገድ በውሃ ሳይሞላ ከቆየ ደርሷል። ዘይቱን ጨምራችሁ 15 ደቂቃ አቁላሉ። በርበሬው ከመግባቱ በፊት ግማሽ ኩባያ ሙቅ ውሃ ጠብ አድርጉ፤ በርበሬ በደረቅ ዘይት ላይ ካረፈ በደቂቃ ውስጥ ያርና ይመራል፣ የመረረ በርበሬ ደግሞ በምንም አይመለስም። ከዚያ እሳቱን ቀንሱና በየአምስት ደቂቃው ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ 20 ደቂቃ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉን ጨምራችሁ ሌላ 25 ደቂቃ አብስሉት። ዘይቱ ጠርቶ ዳር ዳሩን ሲወጣና ቀለሙ ጠቆር ሲል በስሏል። ከቀመሳችሁት በኋላ ጉሮሮ ላይ የሚቆይ ጥሬነት ካለው ገና ነው፤ ብዙ ሰው ዶሮ ወጥ በልቶ ቃር ያዘኝ የሚለው እዚህ ላይ በተቸኮለ ቁሌት ነው።

የአፓርታማ ነዋሪዎች የመኝታ ቤቱንና የቁም ሣጥኑን በር ቀድማችሁ ዝጉ። የሽንኩርት ሽታ ካፖርት ላይ አንዴ ከተቀመጠ የሥራ ባልደረቦቻችሁም የምሳችሁን ዝርዝር ያውቁታል።

ቀዝቅዞ ለሦስት ሲከፈል እያንዳንዱ 700 ግራም ግድም ይሆናል። ከረጢቱ ውስጥ ጠፍጣፋ አድርጉት፤ ቶሎ ይቀልጣል። በረዶ ቤት ሦስት አራት ወር ጣዕሙን ጠብቆ ይቆያል። ቅቤ አትጨምሩበት። ቅቤው ወጡ በሚሠራበት ቀን ሲገባ ሽታው ትኩስ ነው፤ ያለ ቅቤ ያለው ቁሌት ደግሞ ጾም ሲመጣ ለምስር ወጥም ይሆናል።

ቅቤ በሻንጣ ይዞ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች መግባት ክልክል ነው፤ ስለዚህ እዚያው ማንጠር ይሻላል። ከ1 ኪሎ ጨው አልባ ቅቤ 800 ግራም ግድም ንጥር ይገኛል። በጣም ዝግ ባለ እሳት፣ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ የተፈጨ ኮረሪማና ትንሽ አብሽ ጨምሮ፣ ታች የሚዘቅጠው ወርቃማ እስኪሆን ድረስ ነው። ቡናማ ሳይሆን ይጠለል። እስራኤል ያሉ ወገኖች ሥጋና ወተት ስለማይቀላቅሉ እነዚያኑ ቅመሞች ለብ ባለ ዘይት ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቆይተው ቢያጠሉ ጥሩ ምትክ ያገኛሉ።

ወደ ዶሮው እንምጣ። ለአዘቦት ሙሉ ዶሮ ገዝቶ 12 ብልት ማውጣት ግዴታ አይደለም። አጥንት ያለው ታፋና እግር 1 ኪሎ ከ200 ግራም በቂ ነው፤ ከፈረሰኛው ሥጋ ይልቅ ረጅም እሳት ይችላል፣ በአብዛኛው ዋጋውም ይረክሳል። ቆዳው ይገፈፍ፤ ወጥ ውስጥ ጎማ ነው የሚሆነው። ሥጋውን ሁለት ሦስት ቦታ እስከ አጥንቱ ጫር ጫር ብታደርጉት ቁሌቱ ይገባዋል። የደረት ሥጋ ከፈለጋችሁ ለመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች ብቻ አስገቡት።

የማሸጊያውን ጽሑፍ ማንበብ ልመዱ። አሜሪካ ውስጥ አንዳንዱ ዶሮ ጨው ያለበት ውሃ ተወግቶ ይሸጣል፤ ምን ያህል እንደተጨመረበት በመቶኛ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። እንዲህ ያለው ወጡን ያቀጥናል፣ ጨዉንም ያበዛል። እስራኤል የሚሸጠው የኮሸር ዶሮ በሥርዓቱ መሠረት በጨው ታሽቶ ያለፈ ስለሆነ ጨው ከመጨመራችሁ በፊት ቅመሱ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በብዛት የሚገኘው የ1 ኪሎ በረዶ ዶሮ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከነትሪው 24 ሰዓት ይቅለጥ፤ ጠረጴዛ ላይ ማቅለጥ ውጪው ሲበላሽ ውስጡ በረዶ እንደሆነ መጠበቅ ነው። ለበዓል የሐበሻ ዶሮ የሚመስል የምትፈልጉ እንቁላል ጥላ ያረጀች ዶሮ ጠይቁ። ጀርመን ዙፐንሁን ይሏታል፤ ሌላ አገር በዓረብና በእስያ ሱቆች ትገኛለች። እሷ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ስለምትፈልግ ይህ ሁሉ የሰዓት ምክር አይመለከታትም።

ስለ ማጠብ የሚነገረው አብዛኛውን ሰው ያስቆጣል፤ ግን መባል አለበት። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴርም ሆነ የእንግሊዝ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ ጥሬ ዶሮ አይታጠብ ይላሉ። ምክንያቱ ከቧንቧ ሥር የሚረጨው ውሃ ሳልሞኔላንና ካምፒሎባክተርን ወደ ሳህኑና ሰላጣው ስለሚያደርስ ነው። አገር ቤት ስድስት ሰባት ጊዜ የሚታጠበው ላባና ደም፣ የመለብለቡም ጭስ ስላለበት ነው፤ የሱቁ ይህ የለበትም። ሳላጥብ አልበላም ለሚል ሰው የሚያዋጣው መንገድ፦ ጎድጓዳ ሳህን ቀዝቃዛ ውሃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ 15 ደቂቃ። ቧንቧ ሳትከፍቱበት አንሱት፣ ውሃውን ቀስ ብላችሁ ድፉ፣ ማጠቢያውን በሳሙና እጠቡ። ሎሚ ውስጥ ማደር ግን ክፉ ነው፤ የሥጋው ላይ ላዩ ይነጣና ዱቄት ዱቄት ይላል። ታጠበም አልታጠበም በወረቀት ይድረቅ።

የቀለጠውን 700 ግራም ቁሌት አፍሉና ዶሮውን ከ3 የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ጋር አስገቡ። ውሃ አትጨምሩ። የፈረንጅ ዶሮ በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች የራሱን ውሃ ይለቃል፤ አንዳንዴ ኩባያ ይሞላል። ክዳኑን ክፍት አድርጋችሁ መካከለኛ እሳት ላይ ይህ ይመጠጥ፤ ከዚያ ገርበብ አድርጋችሁ በዝግታ ሌላ 25 ደቂቃ። ማማሰያ ከማስገባት ድስቱን በጆሮው ይዞ ማወዛወዝ ሥጋውን ከመፍረስ ያድነዋል። ጨው መጨረሻ አካባቢ፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ተጀምሮ እየተቀመሰ። ተቀቅለው የተላጡ እንቁላሎች ዙሪያቸው ተወጋግቶ ለመጨረሻ አሥር ደቂቃ ይግቡ። እሳቱ ሲጠፋ አንድ የሻይ ማንኪያ መከለሻ። ቴርሞሜትር ያለው ሰው ከአጥንቱ አጠገብ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማንበቡን ያረጋግጥ። ሳይጨለፍ 20 ደቂቃ ቢያርፍ ቅቤው ወደ ላይ ይወጣል።

ወጡ ቀጠነ? ዶሮውን ወደ ሳህን አውጡና መረቁን ብቻውን በደንብ ባለ እሳት አማሱት፤ ሲሰበሰብ ዶሮውን መልሱ። ጥሬ ጥሬ ካለም መፍትሔው ይኸው ነው፣ ሙቅ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ። ብዙ ሰው ዶሮው ውስጥ እያለ መረቁን ለማወፈር ሲታገል ነው ሥጋውን የሚያጣው። ሥሩ ከያዘ ደግሞ አትፋቁት፤ ላይ ላዩን ወደ ሌላ ድስት ገልብጡ።

አልጫው ቁሌት አስቀድሞ ስለማይፈልግ ለአዘቦት እንዲያውም ይመቻል፤ ከቀይ ወጡ ይልቅ ችላ መባሉ ያሳዝናል። እዚህ ላይ የቢጫው ሽንኩርት (ወይም ልጣጩ ነጭ የሆነው ትልቁ ሽንኩርት) ስኳሩ ይጠቅማል። 600 ግራም በደቃቁ ከትፋችሁ በ4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ቀለሙ ሳይቀየር፣ 15 ደቂቃ አቁላሉ። ከጠቆረ አልጫው ጭቃ ይመስላል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ ጨምሩ፤ እርድ ከዚህ ከበዛ መድኃኒት መድኃኒት ይላል። ዶሮውና ሁለት ኩባያ መረቅ ወይም ውሃ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ድንችና ካሮት፣ ሌላ 20 ደቂቃ። ቅቤውና ለሁለት የተሰነጠቀ ቃሪያ መጨረሻ ላይ። ለልጆች በሩዝም ይሄዳል።

ለጥብስ አጥንት የሌለው ታፋ 600 ግራም፣ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ተቆራርጦ፣ ደረቅ ሆኖ፣ በጋለ ብረት መጥበሻ ላይ በሁለት ዙር። አንድ ላይ ከታጨቀ ይቀቀላል። ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ የጥብስ ቅጠልና አዋዜ ከተጠበሰ በኋላ፤ በጠቅላላው ከ12 ደቂቃ አያልፍም።

ሙሉ ዶሮ የገዛ ሰው ጀርባውን፣ አንገቱንና የክንፉን ጫፍ አይጣል። በሁለት ሊትር ውሃ ከአንድ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ሰዓት ተኩል ተንተክትኮ ሲጠለል ለአልጫው፣ ለቁሌቱም ማራሻ የሚሆን መረቅ ይወጣዋል። ከአጥንቱ የተለቀመው ሥጋ፣ ግማሽ ኩባያ የተከካ ገብስ ወይም አጃና ብዙ ነጭ ሽንኩርት ሲጨመርበት ጉንፋን የያዘው ሰው የሚጠጣው ሾርባ ነው። ሚጥሚጣው ሳህን ላይ ይነስነስ እንጂ ድስት ውስጥ አይግባ።

የበሰለው ወጥ በሁለት ሰዓት ውስጥ በትንንሽ ዕቃ ተከፋፍሎ ማቀዝቀዣ ይግባ፤ በድስቱ እንዳለ ቢገባ መሐሉ ለረጅም ሰዓት ሞቆ ይቆያል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ቀን ነው። ጾመኛ ቤት እሑድ የተሠራ ዶሮ ረቡዕን ዘልሎ ሐሙስ ሊበላ ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ እስከ ማክሰኞ ማታ የማይበላውን እዚያው እሑድ በረዶ ቤት አስገቡት። እንቁላሉን ግን አውጡለት፤ ነጩ ከበረዶ ሲመለስ ጎማ ይሆናል፣ በሚበላበት ቀን ትኩስ መቀቀል ነው። ማክሰኞ ድስቱ ሥር የቀረችው መረቅና የተበጣጠሰ ሥጋ ከደረቀ እንጀራ ጋር ጥሩ ፍርፍር ይወጣታል፤ ግማሽ ኩባያ ውሃ ብቻ አፍሉባት፣ እንጀራው ሲገባ እሳቱን አጥፉ።