ስለ ኮመን አፕ ጥያቄ ያለው

አሜሪካ ኮሌጅ ለማመልከት ኮመን አፕ (በአንድ ፎርም ለብዙ ኮሌጆች የሚመለከትበት ድረ ገጽ) የምትሞሉ ልጆች ኢንቦክሴን ሞልታችሁታል። የሚደጋገሙትን እዚሁ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ስንት ኮሌጅ ማመልከት ይቻላል?

እስከ 20። ግን አብዛኞቹ ከዋናው ኤሴይ ሌላ የራሳቸውን ጽሑፍ ይጠይቃሉ፣ ሁሉንም በደንብ የሚጽፍ ጀግና ካለ ይምጣ። ስምንት ወይም አስር ይበቃል።

ጥያቄ፦ ላስት ኔም ላይ የአባቴን ነው የአያቴን?

ፓስፖርትህ ላይ ያለውን፣ በዚያው ስፔሊንግ። ካሳሁን ትራንስክሪፕቱ ላይ በአንድ ኤስ፣ ፓስፖርቱ ላይ በሁለት ከሆነ አሁኑኑ ትምህርት ቤት ሄደህ አስተካክል። የልደት ቀንም እንደዚያው ነው። ዓመቱ ላይ ዝም ብሎ 8 መደመር አይሠራም፤ መስከረም 5 ቀን 1999 የተወለደ ልጅ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2006 ነው፣ ልዩነቱ 7 ነው።

ጥያቄ፦ መምህሬ ኢሜይል አያይም፣ ሪኮመንዴሽኑን (ስለ እኔ የሚጽፈውን የድጋፍ ደብዳቤ) እኔ ላስገባለት?

አይሆንም! ሊንኩ የሚላከው ለእሱ ነው። በመምህሩ ስም ኢሜይል ከፍተው ራሳቸውን የሚያሞግሱ እንዳሉ አውቃለሁ፣ ከተነቃ ግን ተቀባይነት ካገኙ በኋላም ይሰረዛል። ይልቅ ቀደም ብለህ አስፈቅደው፣ ስፓም ውስጥ እንዲያይ ንገረው፣ ካስፈለገ ላፕቶፕ ይዘህለት ሂድና ሲጽፍ አንተ ውጭ ጠብቅ።

ጥያቄ፦ ዶላር ካርድ የለኝም፣ የማመልከቻውን ክፍያ ምን ላድርግ?

ብዙ ኮሌጆች ማመልከቻ በነጻ ነው የሚቀበሉት። ለሌሎቹ ፊ ዌቨር፣ ማለትም ክፍያው እንዲቀርልሽ፣ ጠይቂ፤ ለውጭ ተማሪ የማይሰጡም ስላሉ ለአድሚሽን ቢሮው አጭር ኢሜይል ጻፊ።

ጥያቄ፦ ፋፍሳ (የአሜሪካ መንግሥት የትምህርት ክፍያ እርዳታ ፎርም) ልሙላ?

በአብዛኛው የአሜሪካ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ከሌለህ አይመለከትህም። ለአንተ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል (ኮሌጆች ራሳቸው ለሚሰጡት እርዳታ የቤተሰብህን ገቢ የምትሞላበት ፎርም) ወይም የኮሌጁ የራሱ ፎርም ነው። እዚህ ላይ አትቸኩል። እንደ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት ያሉት የውጭ ተማሪን ሲመርጡ የመክፈል አቅሙን አያዩም፤ አብዛኞቹ ግን ያያሉ። ያም ሆኖ እርዳታ የምትፈልግ ከሆነ ከመጀመሪያው ጠይቅ። ከገባሁ በኋላ እለምናለሁ ብለው ያሰቡ ልጆች ብዙ ቦታ በሩ ተዘግቶ ነው የጠበቃቸው።

ጥያቄ፦ ኤጀንት ልክፈል?

አካውንት መክፈት ነጻ ነው። የማለፊያ ዋስትና እሰጣለሁ የሚልሽ ሁሉ ውሸታም ነው።

ጥያቄ፦ ዴድላይኑ ጃንዋሪ 1፣ 11:59 ፒኤም ይላል። የአሜሪካ ሰዓት ነው?

ኮመን አፕ ላይ ያለህበት አገር ሰዓት ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5:59 ማለት። ግን መብራት ቢሄድስ? በዋዜማው ላከው።