የሰፈር መንገድ በምሰሶ መዝጋት፦ የሐዋሳ ነዋሪዎች ጥያቄና የመንገድ መሐንዲስ መልስ

«መንገዳችንን በሰንሰለት እንዝጋው» የሚለው ሐሳብ በየእድሩ ስብሰባ እየተነሳ ስለሆነ፣ ጥያቄ ያላችሁ አምጡ። ስለ መዝጊያው ቦታ፣ ስለ ምሰሶውና ስለ መኪናው መዞሪያ በዝርዝር እመልሳለሁ። የፖሊስ ምርመራ የእኔ ሙያ አይደለም። ስትጠይቁ ሦስት ነገር አትርሱ፦ የመንገዱ ስፋት፣ ርዝመቱ፣ ኮብልስቶን ነው አስፋልት ወይስ ጠጠር።

ከአቶቴ፦ ኢንጂነር ሰላም። መንገዳችንን ብንዘጋ ሌብነት ይቀንሳል ወይ?

መልስ፦ የትኛው ሌብነት? አጥር ዘሎ ልብስ ከገመድ የሚያነሳው በእግሩ ነው የሚመጣው፤ እሱን ምሰሶ አያግደውም። ቴሌቪዥንና የጋዝ ሲሊንደር የሚጭነው ግን ባጃጅ ወይም መኪና ይፈልጋል። ባንድ በኩል ገብቶ በሌላው መውጣት ካልቻለ ይከብደዋል። ስለዚህ የእድሩ ጸሐፊ መጀመሪያ ደብተር ይክፈት፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የጠፋው ዕቃ፣ ሌባው በምን መጣ በምን ሄደ። ከአሥሩ ሰባቱ በተሽከርካሪ ከሆነ መዝጋቱ ይጠቅማል። ሁለቱ ብቻ ከሆኑ ገንዘቡን ለመብራት አውሉት።

ውጭ አገር ተሞክሮ የተሳካው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። በኦሃዮ ግዛት ዴይተን ከተማ፣ ፋይቭ ኦክስ የሚባለውን ሰፈር አርክቴክቱ ኦስካር ኒውማን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አንድ አንድ መግቢያ ባላቸው ትንንሽ ሰፈሮች ከፋፈለው። አቋራጭ መኪና በ67 በመቶ፣ ጠቅላላ ወንጀል በ26 በመቶ፣ የኃይል ወንጀል በግማሽ ወረደ። ሎስ አንጀለስ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ1990 ከመኪና ላይ ተኩስ የበዛባቸው መንገዶች ሲዘጉ ግድያ ቀነሰ፤ መዝጊያው ሲቀር ተመልሶ ጨመረ። በሁለቱም ቦታ ወንጀለኛው የሚመጣው በመኪና ነበር። የእናንተ ደብተር ይህን ካላሳየ ቁጥሩን ወደ ሐዋሳ አታምጡት።

ከመናኸሪያ ክፍለ ከተማ፦ እኛ ያሰብነው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ በር ቆልፈን ዘበኛ ማቆም ነው። የማያውቁት ሰው እንዳይገባ።

መልስ፦ ይህን አታድርጉ። መኪናውን ዝጉ፣ እግረኛውን ተዉት። የሐዋሳን የውስጥ መንገድ እዩት፦ ግራ ቀኙ ሁለት ሜትር አጥር፣ የቆርቆሮ በር፣ ወደ መንገድ የሚያይ መስኮት የለም። መንገዱን የሚጠብቀው ከፋብሪካ ሥራ የሚመለሰው፣ ከቤተክርስቲያን ወይም ከመስጊድ የሚመጣው፣ ጥግ ላይ ጀበና የጣደችው እናት፣ እስከ 3 ሰዓት የማይዘጋው ሱቅ ነው። በሩን ስትቆልፉ እነዚህን ሁሉ ታስወጡና ባዶ ኮሪደር ይቀራል። አንድ ዘበኛ ተኛ ማለት ያን ጊዜ መንገዱ ለሌባው ብቻ ቀረ ማለት ነው። ለንደን ውስጥ ዋልተም ፎረስት በሚባለው ክፍለ ከተማ መኪና አግደው እግረኛና ብስክሌት አሳልፈው የጎዳና ወንጀል በ10 በመቶ ያህል ቀንሷል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በ18 በመቶ። መንገድ የሕዝብ ነው፤ መታወቂያ እየጠየቁ ማሳለፍም የነዋሪ ሥልጣን አይደለም።

ከታቦር፦ ስፋቱ 6 ሜትር፣ ኮብልስቶን ነው፤ 180 ሜትር ይረዝማል። ምን ዓይነት ምሰሶ፣ በስንት ርቀት?

መልስ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ። 4 ኢንች የብረት ቱቦ፣ ግድግዳው ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 1 ሜትር ተኩል፤ 60 ሳንቲም ከመሬት በታች፣ 90 ከላይ። ለ6 ሜትር አራት ምሰሶ ይበቃል። እኩል ስታካፍሉት በየመሃሉ 1 ሜትር ከ11 ሳንቲም ክፍተት ይቀራል። ባጃጅ 1 ሜትር ከ30 ስለሆነ አያልፍም፤ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ቃሬዛና የሕፃን ጋሪ ያልፋሉ። ክፍተቱን ወደ 1 ሜትር ከ40 ካሰፋችሁት ባጃጁ ሁሉ በዚያ ይገባና ልፋታችሁ ከንቱ ነው፤ ከ90 በታች ካጠበባችሁት ደግሞ አካል ጉዳተኛውን ዘጋችሁበት።

ጉድጓዱ 40 በ40፣ ጥልቀቱ 70። ከሥሩ 10 ሳንቲም ጠጠር ይነጠፍ። ኮንክሪቱ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር፤ ለሦስት ጉድጓድ አንድ ኩንታል ከሩብ ያህል ሲሚንቶ ያዙ። ከቱቦው እግር ላይ ሁለት ቁራጭ ፌሮ በመስቀል ይበየድ፤ ይህ ካልተደረገ ብረቱ ተነቅሎ ለቆራሌው ይሸጣል። ቱቦውም ውስጡ በኮንክሪት ይሞላ፣ አናቱ ይደፈን፣ አለዚያ ዝናብ ገብቶ ከውስጥ ይበላዋል። ሰባት ቀን ውሃ አጠጡት። አፈራችን አሸዋማ ስለሆነ የጉድጓዱ ጠርዝ ይናዳል፤ ሐይቁ አጠገብ ያላችሁ ደግሞ ጥቂት ቆፍራችሁ ውሃ ልታገኙ ትችላላችሁ፣ በበጋ ሥሩ። ኮብልስቶኑን በእጅ አንሱ እንጂ በዶማ አትስበሩት። ስትመልሱት 5 ሳንቲም አሸዋ ላይ አስቀምጡና ምሰሶው ዙሪያውን በኮንክሪት ክፈፍ እሰሩት፤ ካልታሰረ አንድ ክረምት ሳይሞላ ዙሪያው ይፈታል። የቧንቧና የቴሌ መስመር በየት እንደሚያልፍ ሳታረጋግጡ አትቆፍሩ።

መሃለኞቹ ሁለቱ የሚነቀሉ ይሁኑ፦ መሬት ውስጥ እጅጌ ቱቦ ተቀብሮ፣ በጓጉንቸር የሚታሰር። ሁለቱ ሲነሱ 3 ሜትር ከ55 ይከፈታል። የእሳት አደጋ መኪና ወርዱ ወደ 2 ሜትር ተኩል ስለሆነ በዚያ ያልፋል።

ከሐይቅ ዳር፦ የእኛስ መንገድ ይዘጋ?

መልስ፦ ስፋት፣ ርዝመት፣ ንጣፍ።

ከመሃል ከተማ፦ ባንዱ ጫፍ ይዘጋ ወይስ በሁለቱም? የእኛ ሰፈር መንገዱ ሁሉ ቀጥ ያለና እርስ በርሱ የሚቋረጥ ነው።

መልስ፦ በሁለቱም ጫፍ የዘጋ ቤቱን ነው የዘጋው። ባንድ ጫፍ ከተዘጋ መንገዱ የማይወጣ ይሆንና ውስጥ የገባ አይሱዙ ወደ ኋላ እየነዳ ይወጣል፤ ልጅ የሚገጨው ያኔ ነው። ከ45 ሜትር በላይ የሆነ የማይወጣ መንገድ መዞሪያ ቦታ ግድ ይለዋል።

እንደ ሐዋሳ ላለ ሜዳና ቀጥ ያለ ከተማ የሚሻለው ሰያፍ መዝጊያ ነው። መስቀለኛ መንገዱ ላይ ምሰሶዎቹን ከአንዱ ማዕዘን ወደ ትይዩው ማዕዘን በሰያፍ ትተክላላችሁ። መኪና ይገባል፣ ይታጠፋል፣ ይወጣል፤ ቀጥ ብሎ ግን አያቋርጥም። እግረኛ በአራቱም አቅጣጫ ያልፋል። ወደ ኋላ የሚነዳ የለም፣ ቆሻሻ የሚያነሳው መኪናም አይቸገርም። ሁለት ባለ 6 ሜትር መንገዶች ሲገናኙ ሰያፉ 8 ሜትር ተኩል ይሆናል፤ ስድስት ምሰሶ ይበቃዋል። መስመሩ ግማሽ ሜትር እንኳ ወደ አንድ ወገን ከተዛባ በዚያ በኩል መታጠፊያው ይጠብና አይሱዙ ምሰሶውን እየገጨ ይጥለዋል። የካሊፎርኒያዋ በርክሌይ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በዚህ ዓይነት መዝጊያ ትጠቀማለች። መሐንዲስ ሁሉ ከዚህ ቢጀምር ደስ ይለኛል።

ባጃጅ ነጂ፦ ይቅርታ አድርጉልኝና እኛስ? አዛውንት ከገበያ ዕቃ ይዘው ሲመጡ በራቸው ድረስ የማደርሳቸው እኔ ነኝ። አሁን ዞሬ ስሄድ ቤንዚኑን ማን ይከፍለኛል?

የእድር ሊቀመንበር፦ ልጄ፣ አንተን አንጠላም። ግን ስልክ ነጥቆ የሚበርረውም በባጃጅ ነው።

ባጃጅ ነጂ፦ ጋሼ፣ ስልክ ነጣቂው ባጃጅ አይደለም፣ ሞተር ነው! ባጃጅማ ጎኑ ላይ ቁጥር አለው፣ ይያዛል።

ባለ ሱቅ፦ እኔ ደግሞ የለስላሳ መኪና ካልደረሰኝ ሱቁን ዘግቼ ነው የምቀመጠው።

የእድር ሊቀመንበር፦ ሳጥኑን ልጆቹ ይሸከሙልሃል።

ባለ ሱቅ፦ በየሳምንቱ 30 ሳጥን? ለዘበኛውስ እኔ ነኝ ሁለት እጥፍ የማዋጣው።

መልስ፦ የዘበኛውን መዋጮ በእድራችሁ ጨርሱ። ባጃጅ ነጂው ያለው እውነት ነው። በሰያፍ መዝጊያ ከሁለቱ አንዱ አቅጣጫ ሁልጊዜ እያንዳንዱን በር ያደርሳል፤ የሚረዝመው ዙሪያው ነው። የለስላሳውም መኪና ይደርሳል። አንዴ ዝርዝሩን ሰጥቻለሁ፣ እባካችሁ ከላይ አንብቡ።

ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ፦ ሞተርንስ እንዴት እናግድ?

መልስ፦ በምሰሶ አይታገድም። ሞተር በ80 ሳንቲም ያልፋል፣ ተሽከርካሪ ወንበር 90 ይፈልጋል። ሞተርን ያገደ አካል ጉዳተኛውን አገደ። የሚቻለው መብራት ማብራትና ሞተረኛው የሚፈጥንበትን ቀጥታ መስመር ማሳጠር ነው።

ከታቦር፦ የሚነቀለው ምሰሶ ቁልፍ ማን ጋ ይቀመጥ?

መልስ፦ አንድ ሰው ጋ ብቻ ፈጽሞ አይቀመጥ። ቢያንስ አራት ቅጂ፦ ለእሳት አደጋ፣ ለቀበሌ፣ መዝጊያው አጠገብ ባሉ ሁለት ቤቶች። በየወሩ አንድ ቀን ክፈቱትና ዘይት አድርጉበት፤ የሐዋሳ አቧራ ጓጉንቸር ያጣብቃል። ምጥ የያዛት ሴት አምቡላንስ ውስጥ ሆና ቁልፍ ሲፈለግ ማየት አልፈልግም።

ከሐይቅ ዳር፦ ታዲያ የእኛ ይዘጋ ወይስ አይዘጋ? መልስ አልሰጡንም።

መልስ፦ ስፋት። ርዝመት። ንጣፍ። ሦስቱንም እስክትነግሩኝ አልችልም።

የእድር ጸሐፊ፦ ሕዝቡ እንዲያምን በሙከራ ብንጀምርስ?

መልስ፦ መጀመርማ በሙከራ ብቻ ነው፣ ለሦስት ወር። ባለ 200 ሊትር በርሜል አሸዋ ሲሞላ ከ300 ኪሎ ያልፋል፤ ጠርዝ ላይ ያሉትን ሙሉ፣ መሃለኞቹን ሩብ ብቻ፣ ሁለት ሰው አንከባሎ እንዲያነሳቸው። አንጸባራቂ ቴፕ ዙሪያውን ለጥፉ፤ በጨለማ ገጭቶ የሚሞት ሰው ዕዳው የእናንተ ነው። ዲቹን አትድፈኑ።

ከመዝጋታችሁ በፊትና በኋላ ቁጠሩ፤ በዚያው የሳምንት ቀን፣ ከጠዋቱ 1 እስከ 3፣ ከቀኑ 10 ተኩል እስከ 12 ተኩል። ሁለት ሰው በሁለቱ ጫፍ ቆሞ የሰሌዳውን መጨረሻ ሦስት ቁጥር ይጻፍ፤ በሦስት ደቂቃ ውስጥ በሌላው ጫፍ የወጣ አቋራጭ ነው። ፍጥነት ለማወቅ 50 ሜትር ለክታችሁ በኖራ አስምሩ፦ በ6 ሰከንድ ያለፈ 30፣ በ3.6 ሰከንድ ያለፈ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ጎረቤት ያሉትን ሁለት ትይዩ መንገዶችም ቁጠሩ፤ የእናንተ መኪና እነሱ ጋ ከሄደ ችግሩን አዛወራችሁት እንጂ አልፈታችሁትም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለገብርኤል፣ በፍቼ ጨምበላላም ሰሞን አትቁጠሩ፤ ከተማው ሌላ ከተማ ነው።

ከመናኸሪያ ክፍለ ከተማ፦ ፈቃድ ከየት ነው?

መልስ፦ ከማዘጋጃ ቤትና ከትራፊክ ፖሊስ፣ በጽሑፍ። ያለ ፈቃድ አንድ ድንጋይ አታስቀምጡ።

ከአቶቴ፦ ጉብታ ቢሠራስ?

መልስ፦ ለፍጥነት ጥሩ ነው፣ ለሌብነት ግን አይረዳም። ርዝመቱ 3 ሜትር ከ70፣ ከፍታው ከ7 ተኩል እስከ 10 ሳንቲም። እናንተ በየሰፈሩ የምትሠሩት 30 ሳንቲም ርዝመት ያለው ሹል ሲሚንቶ ነፍሰ ጡር ይጎዳል፣ ሞተረኛም ይጥላል።

ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ፦ ካሜራስ?

መልስ፦ ሌላ ሰው ጠይቁ።

የእድር ሊቀመንበር፦ ለቅሶ ሲኖር ድንኳን መንገዱ ላይ ተተክሎ ሦስት ቀን ይዘጋል። ያን ጊዜ ብንቆጥር በርሜሉን አያስቀርልንም?

መልስ፦ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ለግማሹ ያገለግላል። መኪናው ወደየትኛው መንገድ እንደሚሸሽ በሦስቱ ቀን ታውቃላችሁ፤ ትይዩዎቹን መንገዶች ቁጠሩ። ሌብነቱን ግን ከዚያ አትለኩ፣ ድንኳኑ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ሰው ተቀምጧል። በርሜሉ አይቀርም።