ግብሩን፣ መንገዱንና ውሃውን ለየብቻ አይመልከቷቸው

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዎን በጥሞና አነበብኩት። የትንሽ ከተማዎ ምክር ቤት በአንድ ስብሰባ ሦስት ነገር ሊያጸድቅ ነው፤ የንብረት ግብር ከፍ ሊል፣ ዋናው መንገድ አስፋልት ሊለብስ፣ የውሃ ታሪፍ ሊጨምር። «ሦስቱንም እንቃወም ወይስ ዝም እንበል? ቢያንስ ምን ብለን እንጠይቅ?» ብለዋል። በማዘጋጃ ቤት የበጀት ክፍል፣ በኋላም በውሃ አገልግሎት ውስጥ ለረጅም ዘመን ስለሠራሁ እንዲህ ያሉ አጀንዳዎች ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ምን እንደሚመስሉ አውቃለሁ። መልሴ ረዘም ይላልና ይታገሡኝ።

በእኔ እምነት ሦስቱ አንድ ውሳኔ ናቸው። የውሃው ቧንቧ የተቀበረው ከመንገዱ ሥር ነው። መንገዱንም ቧንቧውንም የሚጠግነው ገንዘብ የሚመጣው ከግብሩና ከታሪፉ ነው። ምክር ቤቶች ግን ለየብቻ ያዩአቸዋል፤ ሦስት የሥራ ክፍሎች ሦስት ሰነድ ያቀርባሉ፣ እጅ ሦስት ጊዜ ይወጣል፣ አጀንዳው ይዘጋል። ስለ ጭማሪው መጠን ከመከራከር በፊት የትኛው ሥራ ይቅደም የሚለው ሊጠየቅ ይገባል። ይህን ጥያቄ ያነሳ የምክር ቤት አባል እምብዛም አላጋጠመኝም።

ከአስፋልቱ ልጀምር፤ በዓይን የሚታየው እርሱ ነውና። አዲስ አስፋልት የለበሰ መንገድ ዓመት ሳይሞላው በአግድም ተቆርጦ አይተው ያውቁ ይሆናል። ከሥሩ ያረጀው ቧንቧ ፈንድቶ ነው፣ ወይም ከመንገዱ ማዶ አዲስ ቤት ውሃ ሊገባለት ነው። ጉድጓዱ በችኮላ ይደፈናል፤ አፈሩ በየንጣፉ ሳይጠቀጠቅ ላዩ ይለበጣል። ትንሽ ቆይቶ ልባጩ ይሰምጣል፣ በጠርዙ ስንጥቅ ይፈጠራል፣ የዝናብ ውሃ በስንጥቁ ይገባል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ የሚበላሸው ከውስጥ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አስፋልቱ ራሱ ስስ ሽፋን ነው፣ ጭነቱን የሚሸከመው ከሥሩ ያለው የጠጠርና የአፈር መሠረት ነው፤ መሠረቱ ከራሰ ደግሞ አቅሙን ያጣል።

ስለዚህ መንገዱን በተመለከተ ጥያቄዎ ይህ ይሁን፦ ከዚህ መንገድ ሥር ያለው ቧንቧ መቼ ተቀበረ? ከምን የተሠራ ነው? አስፋልቱ ከመልበሱ በፊት ይቀየራል ወይ? ወደየቤቱ የሚገቡት ቅጥያዎችስ? ሌላም አለ፤ በየተወሰነ ርቀት መንገዱን አቋርጠው የሚያልፉ ባዶ ቱቦዎች አስቀድመው ቢቀበሩ ለወደፊት ውሃም ሆነ ኬብል መንገዱ ሳይቆረጥ ያልፋል። ከጠቅላላው ወጪ አንጻር ይህ ኢምንት ነው። በጨረታ ሰነዱ ውስጥ ካልተጻፈ ግን ማንም ሥራ ተቋራጭ በበጎ ፈቃዱ አይቀብረውም።

የጎርፍ ማፋሰሻ ቦዩንም አይርሱት። በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው እርሱ ነው፤ ርዝመቱ የተቀነሰ አስፋልት ሕዝብ ያያል፣ የተቀነሰ ቦይ ግን ክረምት እስኪገባ ማንም ልብ አይለውም። ቦይ ከሌለው ረጅም አስፋልት ይልቅ ቦይ ያለው አጭር አስፋልት እመርጣለሁ። ቦይ ያለውና በየጊዜው የሚስተካከል የጠጠር መንገድ እንኳ ጥቂት መኪና ለሚያልፍበት ሰፈር ከመጥፎ አስፋልት ይሻላል። ይህን ስናገር ብዙ ሰው ይቆጣኛል።

ሌላው ክብደት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ኦታዋ በተባለች ከተማ አቅራቢያ አንድ ትልቅ የመንገድ ሙከራ ተደርጎ ነበር፤ ለሙከራው በተሠሩ መንገዶች ላይ የጭነት መኪናዎች እንዲመላለሱ ተደርጎ ጉዳቱ ተለካ። መሐንዲሶች እስከ ዛሬ የሚጠቀሙበት ግምታዊ ሕግ የወጣው ከዚያ ነው፦ በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት አንድ አክስል (የግራና የቀኙን ጎማ የሚያያይዘው የመኪናው ዘንግ) በሚሸከመው ክብደት አራተኛ ርቢ ያህል፣ ማለትም ክብደቱ አራት ጊዜ ተጽፎ እርስ በርሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ፣ ያድጋል። በቀላሉ ሲሰላ 10 ቶን የተሸከመ አክስል 1 ቶን ከተሸከመው 10 እጥፍ ሳይሆን 10,000 እጥፍ ያህል ይጎዳል። እንግዲህ አዲሱን መንገድዎን የሚጨርሱት የነዋሪው መኪናዎች አይደሉም። ጠጠርና አሸዋ የሚያመላልሱ ከባድ መኪናዎች በዚያ በኩል ያልፉ እንደሆነ፣ የክብደት ገደብ ይኖር እንደሆነ፣ ከባለቤቶቹስ ለጥገናው የሚሰበሰብ ነገር ይኖር እንደሆነ ይጠይቁ። አለበለዚያ የንብረት ግብር የሚከፍሉ ባለ አነስተኛ ቤት ጡረተኛ ለድንጋይ ማውጫው ድጎማ እየከፈሉ ነው ማለት ነው።

ወደ ውሃው ልለፍ፤ እዚህ ላይ ብዙ የምለው አለኝ።

የታሪፍ ጭማሪ ሲቀርብ የሚሰጠው ምክንያት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ገቢያችን ወጪያችንን አይሸፍንም»። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ነገር ግን ተመርቶ ወደ መስመር ከገባው ውሃ ውስጥ ስንቱ ሒሳብ እንደተቆረጠለት ሳይታወቅ ስለ ታሪፍ መነጋገር ቀዳዳውን ጋን ትቶ ስለ ቀጂዋ ጉልበት እንደመነጋገር ነው። ልዩነቱ በሁለት መንገድ ይጠፋል። አንዱ በእውነት የሚፈሰው ነው፤ በቧንቧ ስንጥቅ፣ በማያያዣ፣ ከማጠራቀሚያው አናት በሌሊት ሞልቶ የሚፈሰው። ሌላው ሰው የጠጣው ነገር ግን ያልተከፈለበት ነው፤ አርጅቶ ዝቅ አድርጎ የሚቆጥር ቆጣሪ፣ በስውር የተቀጠለ መስመር፣ ቆጣሪ የሌለው መሥሪያ ቤት፣ ቤት ለቤት ሳይሄድ በግምት የሚመዘገብ ንባብ።

የአንዲት ትንሽ ቀዳዳ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ በቀላል ሒሳብ ላሳይዎ። በሰከንድ አንድ ሊትር የሚያፈስ ቧንቧ በቀን 86,400 ሊትር ያፈስሳል። ለአንድ ሰው በቀን 100 ሊትር ቢታሰብ ይህ አምስት አምስት ሰው ላላቸው ከ170 በላይ ቤተሰቦች ይበቃል። በዚያ ላይ ውሃው በነጻ አልመጣም። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 100 ሜትር ወደ ላይ ለመግፋት ምንም ብክነት ባይኖር እንኳ 0.27 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይጠይቃል፤ የፓምፑና የሞተሩ ብክነት ሲታከልበት በተግባር 0.4 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። የመብራት ሒሳብ ተከፍሎበት፣ ክሎሪን ተጨምሮበት መሬት ይጠጣዋል።

ብክነቱን ለማወቅ ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም። እኛ የምናደርገው ይህ ነበር፦ ከሌሊቱ ስምንት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ሕዝቡ ተኝቶ ሳለ፣ ከማጠራቀሚያው መውጫ ላይ ያለውን ትልቁን ቆጣሪ በየሩብ ሰዓቱ ማንበብ። በዚያ ሰዓት ፍጆታ ከሞላ ጎደል የለም። በየቤቱ የሚሞሉ ታንከሮች እንዳሉ ታስቦ የእነርሱ ድርሻ ይቀነሳል፤ የቀረው የሚሮጥ ቁጥር በአብዛኛው ፍሳሽ ነው። ቀጥሎ አንድ አንድ ሰፈር በቫልቭ እየተዘጋ ቁጥሩ የት ላይ እንደሚወርድ ይታያል። የወረደበት ሰፈር ውስጥ ባለሙያው የብረት ዘንግ ጫፍ በቫልቩ ላይ አስደግፎ ሌላኛውን ጫፍ ጆሮው ላይ ያደርጋል፤ ፍሳሹ ቅርብ ከሆነ እንደ እባብ የሚነፋ ድምፅ ይሰማል። እንግዲህ ይጠይቁ፦ ትልቁ ቆጣሪ ይሠራል ወይ? መኖሩስ? በብዙ ትናንሽ ከተሞች ያለው ቆጣሪ የተሰበረ ነው፤ ያለ እርሱ የሚቀርብ የብክነት መቶኛ ሁሉ ግምት ነው።

ሊሠራ የሚችል መሆኑን ለሚጠራጠር የፕኖም ፔንን ታሪክ እጠቅሳለሁ። ትንሽ ከተማ ሳትሆን የካምቦዲያ ዋና ከተማ ናት፤ ትምህርቱ ግን ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ሒሳብ የማይሰበሰብበት ውሃ ከሚመረተው 72 በመቶ ያህል ነበር። በዚያው ዓመት የከተማዋ ውሃ አገልግሎት ኃላፊ የሆኑት ኤክ ሶን ቻን ቆጣሪ ለሁሉም አስገቡ፣ የደንበኞችን መዝገብ አጸዱ፣ የማይከፍሉ ባለሥልጣናትንና የመንግሥት ተቋማትን ጭምር እንዲከፍሉ አደረጉ። ከ15 ዓመት ገደማ በኋላ ብክነቱ ወደ 6 በመቶ አካባቢ ወረደ። ታሪፉም በየደረጃው ጨምሯል፤ ሕዝቡ የተቀበለው ግን አገልግሎቱ እየተሻሻለ ስለነበር ነው። የእናንተ ማዘጋጃ ቤት ራሱ ለሚጠቀመው ውሃ ይከፍል እንደሆነ ቢጠይቁ ክፍሉ ጸጥ ሊል ይችላል፤ ግድ የለዎትም፣ ይጠይቁ።

ታሪፉ የሚዋቀርበትን መንገድም ይመልከቱ። «ብዙ የተጠቀመ በሜትር ኩብ ብዙ ይክፈል» የሚለው የደረጃ ታሪፍ ለድሃ የሚያደላ ይመስላል። ነገር ግን አራት አምስት ተከራይ ቤተሰቦች በአንድ ግቢ አንድ ቆጣሪ ሲጋሩ ፍጆታቸው ተደምሮ ከፍተኛው እርከን ላይ ይወድቃል። አንድ ባለ ግቢ ባለጸጋ ብቻውን ከሚከፍለው በላይ በሜትር ኩብ ይከፍላሉ። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ በአንድ ቆጣሪ ላይ ያሉ አባወራዎች ተመዝግበው እርከኑ በቁጥራቸው ይባዛላቸው።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ከገንዘብ የበለጠ ነገር አለ። መስመሩ ባዶ ሲሆን ግፊት ይጠፋል፤ ውሃ ያስወጣ የነበረው ቀዳዳ በዙሪያው ያለውን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይስባል። የዓለም ጤና ድርጅት ውሃው ተጠቃሚው ዘንድ ሲደርስ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊ ግራም ክሎሪን እንዲቀርበት ይመክራል። ልኬቱ ከማጠራቀሚያው አጠገብ ሳይሆን ከመስመሩ መጨረሻ፣ ከመጨረሻው ቤት ቧንቧ ላይ መወሰድ አለበት። ውጤቱ የት እንደሚለጠፍ ይጠይቁ።

ስለ ግብሩ ባጭሩ። ሰው ሁሉ የሚያየው መጣኔውን፣ ማለትም ከንብረቱ ዋጋ ከመቶ ስንት እንደሚከፈል ነው። ገቢውን የሚወስኑት ግን ሌሎች ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ስንቱ ንብረት መዝገብ ላይ አለ፣ የተገመተበት ዋጋ ለእውነተኛው ምን ያህል ይቀርባል፣ ከተጠየቀው ውስጥ ስንቱ ተሰበሰበ። እያንዳንዱ 70 በመቶ ቢሆን፣ እነዚህ ይባዛሉና፣ ወደ ካዝና የሚገባው ሊገባ ከሚገባው 34 በመቶ ብቻ ነው። በዚህ ላይ መጣኔውን መጨመር ማለት ቀድሞውንም የሚከፍሉትን ደጋግሞ መቅጣት ነው። ምክር ቤቱ ሦስቱን ቁጥሮች ሳያቀርብ ጭማሪ ከጠየቀ፣ ቁጥሮቹ ይምጡ ብሎ ማቆየት ተገቢ ነው። በተቃራኒው «መጣኔውን ቀንሰናል» ሲሉም ንቁ ይሁኑ፤ በዚያው ዓመት ግምቱ ታድሶ ከሆነ ሒሳብዎ ሊጨምር ይችላል።

አንድ ልብ የማይባል ወጥመድ አለ፦ ከመሬት የሚገኝ የአንድ ጊዜ ገቢ በየዓመቱ ለሚከፈል ወጪ ሲውል። መሬቱ አንዴ ይተላለፋል፤ ደመወዙና ነዳጁ ግን በየወሩ ይመጣሉ። የበጀት ሰነዱ ላይ የአንድ ጊዜ ገቢ ተለይቶ ካልታየ ለይታችሁ አሳዩን ይበሉ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። እኔ ብሆን ሦስቱንም በጅምላ አልቃወምም። የውሃ ታሪፉን በሁለት ቅድመ ሁኔታ እደግፋለሁ፦ ገቢው በራሱ የባንክ ሒሳብ እንዲቀመጥና ለሌላ ሥራ እንዳይወጣ፣ እንዲሁም የጭማሪው አንድ ክፍል ለቆጣሪና ለፍሳሽ ጥገና ተለይቶ እንዲመደብ። አስፋልቱ ቧንቧው እስኪቀየር ይቆይ፤ ያ የማይቻል ከሆነ ቧንቧው ጤነኛ የሆነበት ክፍል ብቻ ይሠራ። ግብሩ ደግሞ መዝገቡ ከጸዳ በኋላ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ተከፋፍሎ ይጨመር። በእያንዳንዱ ላይ የዓመታዊ ጥገና ወጪው ከየት እንደሚመጣ በውሳኔው ውስጥ ይጻፍ።

በብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ነዋሪዎች ከበጀቱ ላይ ቅደም ተከተል እንዲያወጡ ሲደረግ ቀድመው ከተነሱት ጥያቄዎች መካከል መንገድ፣ ውሃና የቆሻሻ ውሃ ማስወገጃ ነበሩ። ያን ያህል ሥርዓት ከተማዎ ላይኖረው ይችላል። ሆኖም በቃል የተነሳ ጥያቄ ከአዳራሹ በር አያልፍም። ጥያቄዎችዎን በአንድ ገጽ ጽፈው፣ ከስብሰባው ቢያንስ ሳምንት ቀደም ብለው ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ያስገቡ፤ በእጅዎ የሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ይደረግበት። በስብሰባው ዕለትም መልሱ በቃለ ጉባኤው እንዲመዘገብ የሚጠይቅ አንድ የምክር ቤት አባል አስቀድመው ያነጋግሩ።