ሰው የበላ ነፍሰ ገዳይ ንስሐ ቢገባ ይማራል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው አሜሪካ ነው። የካቲት 16 ከኪዳነ ምሕረት ቅዳሴ ተመልሰን የበላኤ ሰብእን (ሰው ይበላ የነበረና በእመቤታችን ስም ለተጠማ ሰው ጥርኝ ውኃ ሰጥቶ የዳነውን ሰው) ታሪክ ለልጆቼ ስነግራቸው ትልቁ ልጄ፣ «እንግዲያው ጄፍሪ ዳመርም ገነት ገብቷላ! እሱም እስር ቤት ውስጥ ተጠምቋል። የገደላቸው ልጆችስ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ስለዚህ ሰው የተሠሩ ፊልሞችንም እያየ ነው፤ ልከልክለው?

መልስ፦ እናቴ፣ ልጅዎን አይቆጡት። ስለ ተገደሉት መጠየቁ ደስ አሰኝቶኛል፤ ብዙ ሰው የሚያነሣው የገዳዩን ነገር ብቻ ነውና።

ታሪኩን ለማታውቁ፦ ዳመር እ.ኤ.አ. በ1960 ሚልዋኪ ተወለደ። አባቱ የኬሚስትሪ ባለሙያ ነበር። ገና ተማሪ ሳለ መጠጥ ለመደ። በ1978፣ ወላጆቹ እየተፋቱ እሱ ብቻውን ቤት በቀረበት ሰሞን፣ የመጀመሪያውን ሰው ገደለ። እስከ 1991 ድረስ የገደላቸው ወንዶች ልጆችና ወጣቶች 17 ደረሱ፤ ከአንዳንዶቹም ሥጋ በልቷል። ዝርዝሩን አልጽፈውም። አስተዳደጉን እየጠቀሱ ሰበብ የሚፈልጉለት አሉ፤ ወላጆቹ የተፋቱበት ልጅ ሁሉ ግን ሰው አይገድልም።

ለጥያቄዎ የሚጠቅመን ይህ ሰው ሁለት ጊዜ ፍርድ ቤት ቆሞ የተናገረው ነው።

በ1989 በአንድ የ13 ዓመት ልጅ ላይ ጾታዊ ጥቃት ፈጽሞ ዳኛ ፊት ቀረበ። እለወጣለሁ፣ ዕድል ይሰጠኝ ብሎ ለመነ። ዳኛው ራርተው ቀን ቀን ሥራው እየዋለ የሚታሰርበት የአንድ ዓመት እስራትና አመክሮ ፈረዱለት፤ በ10 ወሩ ወጣ። ያን ዕለት ሲለምን ግን ማንም ያላወቀበት የአምስት ሰው ደም በእጁ ነበር። ከወጣ በኋላ 12 ሰው ጨመረ። ከእነዚህም አንዱ የ14 ዓመት ልጅ፣ ከዳመር ቤት አምልጦ መንገድ ላይ ተገኝቶ ነበር። ጎረቤቶች ፖሊስ ጠሩ፤ ፖሊሶቹ ግን የዳመርን ቃል አምነው ልጁን መልሰው አስረከቡት። አንዲት ጎረቤት ደጋግማ ብትደውልም የሰማት አልነበረም።

በሐምሌ 1991 ሲያዝ የሆነው ሌላ ነው። ማንም ያልጠረጠረውን የ1978ቱን ግድያ ሳይቀር ራሱ ተናዘዘ፤ የሟቹ አጥንት የተገኘው በእሱ ቃል ነው። በ1992 ችሎት ጠበቃው የአእምሮ ሕመምተኛ ነው ብሎ ተከራከረ። ከ12ቱ የጁሪ አባላት 10ሩ አልተቀበሉትም፤ 15 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ዊስኮንሲን የሞት ቅጣትን በ1853 ሽራለችና ከዚያ የከፋ ፍርድ አልነበረም። ከቅጣቱ በፊት ተነሥቶ ነጻነት እንደማይፈልግ፣ ርኅራኄም እንደማይጠይቅ ተናገረ፤ «ከኃጢአተኞችም ዋና እኔ ነኝ» የሚለውን የጳውሎስን ቃል አነበበ (1ጢሞ. 1፥15)።

የመጀመሪያው ልመና ንስሐ አልነበረም። ቅጣት የሚሸሽ ሰው ልመና ነው፤ እንዲህ ያለውን ዓይነት እኛም ንስሐ አባታችን ፊት ስንቴ አድርገናል። በቀኙ የተሰቀለው ወንበዴ «አስበኝ» ከማለቱ በፊት «የሚገባንን ቅጣት እንቀበላለን» አለ (ሉቃ. 23፥41)። በገጠራችንም ደም ሲደርቅ ገዳይ ካህናትና ሽማግሌዎች ባሉበት ከሟች ወገኖች ፊት ይቆማል እንጂ «እግዚአብሔር ይቅር ብሎኛል» ብሎ ቤቱ አይቀመጥም። ንጉሥ ዳዊት ኦርዮንን አስገድሎ ሲጸጸት ኃጢአቱ ተወገደለት፤ ሰይፍ ግን ከቤቱ አልራቀም።

ታዲያ ዳመር ገነት ገብቷል? አላውቅም። በ1994 ያጠመቀው የፕሮቴስታንት ሰባኪ ነው፤ በዚያው ዓመት አንድ እስረኛ ደብድቦ ገደለው። ልቡን ያየ አምላክ ይፍረደው። ማወቅ ያለብን «ይህን ያህል ከገደለ አይማርም» የሚል ልክ መጽሐፍ አለማስቀመጡን ነው። በላኤ ሰብእ 78 ሰው በልቶ በጥርኝ ውኃ ዳነ ስንል ውኃው የነፍሶቹ ዋጋ ሆኖ አይደለም። ያዳነው ለእመቤታችን የተሰጣት ቃል ኪዳን ነው። ይህን ታሪክ እንደ ሂሳብ የሚያስተምሩ ወንድሞች ያሳዝኑኛል፤ ልጅዎንም ያደናገረው ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ስለ ተገደሉት ደግሞ ይህን ይንገሩት። ቃየል ለራሱ ሲከራከር እግዚአብሔር የሰማው የአቤልን ደም ድምፅ ነበር (ዘፍ. 4፥10)። ፖሊስ ያልሰማውን የዚያን የ14 ዓመት ልጅ ጩኸት እርሱ ሰምቷል። ገዳይ ቢማር እንኳ ደማቸው እንዳልፈሰሰ አይቆጠርም፤ ምሕረት የሚሰጠውም፣ ስለ ደማቸው የሚጠይቀውም አንድ አምላክ ነው።

ፊልሙን በተመለከተ፣ ልጅዎ ትልቅ ከሆነ በግድ አይከልክሉት፤ አብረውት ተቀምጠው ይጠይቁት፤ የገዳዩን ስም ያውቃል፣ ከ17ቱ የስንቱን ያውቃል? ጾሙ ከገባ ግን እስከ ፋሲካ ይቆየው።