አዲስ ባይኖኩላር፦ የሚስተካከለው የቱ፣ ለሻጩ የሚመለሰው የቱ?

ለወፍ ማያ የሚሆን ባይኖኩላር ገዝተው ከካርቶኑ ባወጡት ሰሞን ግር ያላቸው አንባቢዎች የላኩልንን ጥያቄዎች በዚህ ዕትም ሰብስበናል። ብዙዎቹ «ዕቃው አይረባም» ብለው ለመመለስ ያሰቡ ናቸው። ከቅሬታዎቹ የሚበዙት ግን ባይኖኩላሩ ለባለቤቱ ዓይን ሳይስተካከል ከመቅረቱ የመጡ ስለሆኑ በደቂቃዎች ይቃናሉ። የቀሩት እውነተኛ ጉዳቶች ናቸው፤ እነሱን ሻጩ የሰጠው የመመለሻ ጊዜ ሳያልፍ መለየት ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ 10×42 ባይኖኩላር ገዝቼ ጣና ዳር ይዤው ወጣሁ። ጥቁር ጥላ ከጎን እየመጣ ግማሹን ምስል ይሸፍንብኛል፤ ዓይኔን ትንሽ ካንቀሳቀስኩ ጭራሹኑ ይጠፋል። መነጽር አደርጋለሁ። ሌንሱ ተበላሽቶ ይሆን? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሌንሱ ደህና ነው፤ ያልገጠመው ዓይንዎ ከሌንሱ ያለው ርቀት ነው። ከዓይን በኩል ካለው ሌንስ ኋላ ብርሃኑ ተሰብስቦ የሚያርፍበት ቦታ አለ። እንደ ስሪቱ ይለያያል እንጂ በአብዛኞቹ ከሌንሱ ከ14 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ይርቃል። ብሌንዎ እዚያ ቦታ ላይ ሲውል ሙሉ ክብ ያያሉ። ከዚያ አልፎ ከተጠጋ እርስዎ የጠቀሱት ጥላ ይንሸራተታል፤ ከራቀ ደግሞ ክቡ ይጠብና በቱቦ ውስጥ የሚያዩ ይመስልዎታል።

በዓይን ሌንሶቹ ዙሪያ ያሉት የሚሽከረከሩ የጎማ ቀለበቶች የተሠሩት ይህን ርቀት ለማስተካከል ነው። መነጽር የማያደርግ ሰው ወደ ላይ ያወጣቸዋል፤ የሚያደርግ ሰው ግን የመነጽሩ መስታወት ራሱ ርቀት ስለሚፈጥር እስከ መጨረሻው ዝቅ ያደርጋቸዋል። እርስዎም ከታች ይጀምሩ። ጥላው ከቀጠለ አንድ እርከን ብቻ ከፍ ያድርጉ፤ ብዙዎቹ ቀለበቶች በሁለት ወይም በሦስት እርከን «ቀጭ» እያሉ ይቆማሉ። እስከ ታች ዝቅ ብለውም ክቡ ጠባብ ከሆነብዎት መመሪያው ላይ ያለውን የዓይን ርቀት ቁጥር ይመልከቱ። ከ16 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ዕቃው ጉድለት ባይኖርበትም መነጽር ለሚያደርግ ሰው አይመችም፤ ቢቀይሩት ይሻላል።

ሌላው ምክንያት የሁለቱ በርሜሎች ስፋት ነው። ማጠፊያውን እስከ መጨረሻው ከፍተው ዓይንዎ ላይ ያድርጉት፤ ከዚያ ቀስ እያሉ ያጥብቡት። ሁለቱ ክቦች ተደራርበው አንድ ንጹሕ ክብ ሲሆኑ ያቁሙ። ፊልም ላይ የምናየው ሁለት ክብ የተጣበቀበት ቅርጽ በትክክል በተስተካከለ ባይኖኩላር አይታይም። አብዛኞቹ የሚጠቡት እስከ 56 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ለልጅ ወይም ፊቱ ጠባብ ለሆነ ሰው ሲገዛ ይህን ቁጥር አስቀድሞ ማየት ይገባል።

«መነጽሬን ላውልቅ?» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። የቅርብ ወይም የሩቅ እይታ ችግር ብቻ ያለበት ሰው በፎከሱ ሊያካክሰው ይችላል፤ አስቲግማቲዝም (የዓይን ፊት ቅርጽ መዛባት የሚያመጣው ብዥታ) ያለበት ግን አይችልም። እኛ አድርገው እንዲያዩ እንመክራለን፤ መነጽር እስኪወልቅ ወፍ አይጠብቅምና።

ጥያቄ፦ በግራ ዓይኔ ጥርት ብሎ ይታየኛል፣ በቀኙ ግን ሁልጊዜ ብዥ ይላል። ፎከሱን ባዞር ባዞር የሁለቱ እኩል አይሆንም። (ከደሴ)

መልስ፦ መሃል ላይ ያለው የፎከስ መዘውር ሁለቱንም በርሜሎች አንድ ላይ ነው የሚያንቀሳቅሰው። የሰው ሁለት ዓይኖች ደግሞ እኩል የሚያዩት ከስንት አንድ ነው። ልዩነቱን የሚያቻችለው ዳይኦፕተር የሚባለው ቀለበት ነው። በአብዛኞቹ ባይኖኩላሮች በቀኙ የዓይን ሌንስ ሥር ይገኛል፤ በአንዳንዶቹ መዘውሩን ወደ ኋላ ሳብ ሲያደርጉት ይወጣል። ብዙ ሰው ሳይነካው ዓመታት ያልፋሉ።

ከ30 እስከ 50 ሜትር ርቀት ላይ ጥቃቅን ነገር ያለበትና የማይንቀሳቀስ ዒላማ ይምረጡ፤ የሱቅ ታፔላ ጽሑፍ ጥሩ ነው። የቀኙን የፊት ሌንስ በክዳኑ ወይም በመዳፍዎ ይሸፍኑና በመዘውሩ ብቻ የግራውን ምስል ያጥሩ። አሁን መዘውሩን ሳይነኩ ክዳኑን ወደ ግራው ያዛውሩ፤ ዳይኦፕተሩን እያዞሩ የቀኙን ያጥሩ። ዓይን ራሱ እየታገለ ስለሚያጠራ በመጀመሪያው «ደህና ነው» አያቁሙ። ቀለበቱን እስኪደበዝዝ ትንሽ አሳልፈው ይመልሱት፤ ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙት። ከዚያ ወዲያ ለሩቅም ለቅርብም የሚነኩት መዘውሩን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሰዎች የሚሳሳቱት አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያስተካክሉ ነው። አንዱ ሲጨፈን ሌላውም ይጨማደድና የተሳሳተ ልክ ይሰጣል። ስለዚህ የሚሸፈነው ሌንሱ ነው እንጂ ዓይኑ አይደለም። ቀለበቱ መቆለፊያ ከሌለው ቦርሳ ውስጥ ሲተሻሽ ከቦታው ይሄዳል። ልኩ በተገኘ ሰዓት በቀለበቱና በበርሜሉ ላይ ትይዩ የጥፍር ቀለም ነጠብጣብ ማድረግ ከድካም ያድናል።

ቀለበቱ ጫፍ ድረስ ሄዶም ቀኙ ካልጠራ ለሌላ ሁለት ሰው ይስጡ። እነሱም ያንኑ ጫፍ ከፈለጉ ጉድለቱ የባይኖኩላሩ ነውና ይመልሱት። እነሱ መሃል አካባቢ ካጠሩት ግን ዓይንዎን ይመርመሩ።

ጥያቄ፦ አዲሱን ባይኖኩላሬን ለአሥር ደቂቃ ከያዝኩ ራሴን ያመኛል። ምስሉ ጥርት ያለ ነው። ይለመዳል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አይለመድም፣ መለመድም የለበትም። የተስተካከለ ባይኖኩላር ግማሽ ቀን ቢያዩበት ራስ አያሳምምም። የመጀመሪያው ጥርጣሬ የሁለቱ በርሜሎች አቅጣጫ መዛነፍ ነው። በጉዞ ላይ የወደቀ ካርቶን ወይም ሲገጣጠም በደንብ ያልተጣበቀ ፕሪዝም (በርሜሉ ውስጥ ሆኖ የተገለበጠውን ምስል የሚያቃናው መስታወት) ያመጣዋል። አእምሮ ሁለቱን ምስሎች በግድ አንድ ሊያደርጋቸው ሲታገል የዓይን ጡንቻ ይደክማል። በተለይ ከላይና ታች ያለውን ልዩነት ዓይናችን ጥቂቱን እንኳ አይችልም።

በቤትዎ ይፈትኑት። ከ100 ሜትር በላይ የሚርቅ አግድም መስመር፣ ለምሳሌ የቆርቆሮ ጣሪያ ጫፍ ወይም የመብራት ሽቦ ይፈልጉ። ባይኖኩላሩን ጠረጴዛ ላይ የሩዝ ከረጢት አስደግፈው መስመሩን ያጥሩ፤ እንዳይነቃነቅ ያድርጉ። ከዚያ ራስዎን ቀስ ብለው ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይሳቡ። ሁለት ትናንሽ ክቦች ለየብቻ ይታያሉ። መስመሩ በሁለቱም ክቦች በእኩል ከፍታ ማለፍ አለበት። በአንደኛው ከፍ፣ በሌላኛው ዝቅ ካለ ተዛንፏል። ሌላም ምልክት አለ፦ ዓይንዎን ለጥቂት ሰከንድ ጨፍነው ሲከፍቱ ለቅጽበት ሁለት ምስል ታይቶ ቀስ ብሎ አንድ የሚሆን ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ብሎኑን ለመፍታት አይሞክሩ። ይህን የሚያቃና ሰው የማመሳከሪያ መሣሪያ ያስፈልገዋል፤ በርካሽ ባይኖኩላር ላይ ደግሞ የጥገናው ዋጋ ከዕቃው ሊበልጥ ይችላል። ከተከፈተ ዋስትናውም ይፈርሳል። እንዲሁ እንዳለ ይመልሱት።

ጥያቄ፦ ባሌ ተራሮች ላይ ወፍ ለሚያሳየው አስጎብኚ ወንድሜ ባይኖኩላር ልገዛለት ነው። ሻጩ «10 ከ8 ይበልጣል» አለኝ። የቱን ልላክለት? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ለባሌ 8×42 ይሁንልዎ። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ፣ ሁለተኛው የፊት ሌንሱን ስፋት በሚሊ ሜትር ይናገራል። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ሲያካፍሉ ወደ ዓይን የሚገባውን የብርሃን ክብ ስፋት ያገኛሉ፦ በ8×42 5.25፣ በ10×42 4.2 ሚሊ ሜትር። በጠራራ ፀሐይ ብሌናችን ራሱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ስለሚጠብ ልዩነቱ አይታወቅም። ሐረና ጫካ ውስጥ ገና ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ነጭ ጉንጩ ቱራኮ ጥቅጥቅ ካለ ቅጠል መሃል ሲዘል ግን ብሌን ይሰፋል። ያኔ 8ቱ የሚሰጠው የብርሃን ክብ ስፍራ የ10ሩን አንድ ጊዜ ተኩል ያህላል።

ሳነቲ አምባ ላይ ደግሞ ችግሩ ነፋስ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነ ገላጣ ቦታ እጅ መንቀጥቀጡ አይቀርም፤ 10ሩ መንቀጥቀጡንም አሥር ጊዜ ያጎላዋል። የእይታ ስፋቱም ያንሳል፦ በ1,000 ሜትር ርቀት ላይ 8×42 ከ130 እስከ 140 ሜትር ገደማ ሲያሳይ 10×42 110 አካባቢ ነው። እንግዳ አጠገቡ ቆሞ «የት አለ?» የሚለው አስጎብኚ ወፉን ቶሎ መያዝ አለበት፤ ስፋት ያስፈልገዋል። 10ሩ ዋጋ የሚያወጣው ውኃ ዳር፣ ከሩቅ ያሉ ዳክዬዎችን ለሚለይ ሰው ነው። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳርም ቢሆን ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ የሙቀቱ ብልጭልጭታ ትርፉን ይበላዋል።

ሲመርጡ ውኃ የማያስገባና ናይትሮጅን የተሞላ፣ ክብደቱ ከ750 ግራም የማይበልጥ፣ ከ2 እስከ 3 ሜትር ቅርብ ድረስ የሚያጠራ ይሁን። የአንገት ማንገቻውን ትተው በትከሻና በጀርባ የሚያርፈውን ማንገቻ ቢጨምሩለት ቀኑን ሙሉ የሚሄድ ሰው አንገቱ ያመሰግንዎታል። ከመላክዎ በፊት አንድ ነገር፦ ባይኖኩላር አየር ማረፊያ ላይ በፍተሻ ሊያዝ ስለሚችል ወንድምዎ ፈቃድ የሚያስፈልገው መሆኑን ከጉምሩክ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ ገበያ ላይ «30×60» የተጻፈበት፣ ሌንሱ ቀይ የሚያብረቀርቅ ትንሽ ባይኖኩላር በርካሽ አገኘሁ። ሁሉንም ነገር አረንጓዴ ያደርገዋል። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ይመልሱት። ቀዩ ቅብ ቀዩን ብርሃን ወደ ውጭ እያንጸባረቀ ስለሚያስቀረው ወደ ዓይን የሚደርሰው አረንጓዴ ይመስላል፤ ወፍን በላባው ቀለም ለሚለይ ሰው ከዚህ የባሰ ጉዳት የለም። ቁጥሩንም በማስመሪያ መፈተን ይችላሉ። ባይኖኩላሩን ክንድዎን ዘርግተው ወደ ደማቅ ሰማይ ያዙሩ (ወደ ፀሐይ ፈጽሞ አይሁን) እና በዓይን ሌንሱ መሃል የሚታየውን ትንሽ የብርሃን ክብ ይለኩ። የፊት ሌንሱን ስፋት ለዚህ ሲያካፍሉ የሚያጎላውን መጠን በግምት ያገኛሉ። ለምሳሌ ሌንሱ 24፣ ክቡ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ የያዙት 8×24 ነው። ክቡ ሙሉ ክብ ሳይሆን ጠርዙ በግራጫ ጥላ ተቆርጦ አራት ማዕዘን ከመሰለ ፕሪዝሙ ርካሽ መስታወት ነው።

ጥያቄ፦ ጥንብ አንሳ ሰማይ ላይ ሲዞር በክንፉ ጠርዝ ሐምራዊ መስመር አያለሁ። ጉድለት ነው? (ከጎንደር)

መልስ፦ ጉድለት አይደለም። መስታወት የተለያዩ ቀለሞችን እኩል ስለማያጥፍ ጥቁር ነገር በደማቅ ሰማይ ፊት ሲቆም ጠርዙ ላይ ይታያል። ወፉን ወደ ክቡ መሃል ያምጡት፣ ዓይንዎንም በሌንሶቹ መሃል ያድርጉ፤ ይቀንሳል። መሃል ላይም ወፍራም ሆኖ ከቀጠለ የመስታወቱ ደረጃ ዝቅተኛ ነው ማለት ነው፤ ኢዲ የተባለው መስታወት ያለባቸው ይህን በእጅጉ ይቀንሱታል፣ ዋጋቸው ግን ይጨምራል።

ጥያቄ፦ ኤሲ ካለበት መኪና ስወርድ ባይኖኩላሩ በጉም ይሸፈናል። በነጠላ ጫፍ እየጠረግኩ ነው። ውኃ ገብቶበት ይሆን? (ከአርባ ምንጭ)

መልስ፦ በጣትዎ የውጪውን ገጽ በስሱ ነካ ያድርጉ። ጣትዎ ያለፈበት ቦታ ከጠራ ጉሙ ውጪ ነው፦ የቀዘቀዘው መስታወት የሐይቁን እርጥብና ሞቃት አየር አግኝቶ ያላበው ላብ ነው። ከመውረድዎ ሃያ ደቂቃ ያህል አስቀድመው ኤሲውን አጥፍተው መስኮቱን ይክፈቱ፣ ወይም ባይኖኩላሩ በተዘጋ ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ከውጪው አየር ጋር እስኪመጣጠን ይጠብቁ። ጣትዎ የማይደርስበት፣ ከመስታወቱ ጀርባ ያለ ጉም ከሆነ ግን የማሸጊያው ጎማ አልያዘም፤ ናይትሮጅኑ ወጥቶ እርጥበት ገብቷል። ይህ ውሎ አድሮ ሌንሱ ላይ ሻጋታ ያበቅላልና በዋስትናው ይመልሱት።

በነጠላ መጥረጉን ዛሬውኑ ይተዉ። ጨርቁ ለስላሳ ቢሆንም በሌንሱ ላይ ያለው አቧራ የአሸዋ ቅንጣት ስላለበት ሲታሽ ቅቡን ይጭረዋል። መጀመሪያ በጎማ መንፊያ አቧራውን ያራግፉ፣ የቀረውን በለስላሳ ብሩሽ ያንሱ፤ ከዚያ ብቻ የሌንስ ማጽጃ ፈሳሽ ጠብ ባደረጉበት የመነጽር ጨርቅ ከመሃል ወደ ጠርዝ እያዞሩ ይጥረጉ። ፈሳሹ ጨርቁ ላይ እንጂ በቀጥታ ሌንሱ ላይ አይፈስም። የትንኝ መከላከያ ቅባት ከተቀቡ ባይኖኩላሩን ከመያዝዎ በፊት እጅዎን ይታጠቡ፤ ዲት የተባለው ንጥረ ነገር ጎማና ፕላስቲክ ያሟሟል። ማታ ማታ ከቆዳ ማኅደሩ አውጥተው ነፋስ በሚያገኝ ደረቅ ቦታ ያሳድሩት፤ በዝናቡ ወራት ደግሞ በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ እርጥበት ከሚመጥጥ ሁለት ሦስት የሲሊካ ጄል ከረጢት ጋር ያስቀምጡት።