ሐዋሳ ላይ የዲቢቲ ቴራፒስት ስለማግኘት

እህቴ፣ ሐዋሳ ሆኜ ዲቢቲ (ከባለሙያ ጋር በመነጋገርና ስሜትን የመግራት ክህሎት በመማር የሚሰጥ የሥነ ልቦና ህክምና) የሚሰጥ ቴራፒስት የት አገኛለሁ ላልሽው፣ «የዲቢቲ ባለሙያ» የሚል ታፔላ ፍለጋ ከተማውን አትዙሪ። መጀመሪያ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ህክምና ክፍል ሄደሽ ተመርመሪ። መድኃኒት ብቻ ጽፈው እንዳይሸኙሽ፣ በንግግር የሚሰጥ የሥነ ልቦና ህክምና እንደምትፈልጊ ገና ስትገቢ ንገሪያቸው።

ዋናው ነገር የምትጠይቂው ጥያቄ ነው። ዲቢቲን ያዘጋጀችው ማርሻ ሊንሃን የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት፣ ራሳቸውን የማጥፋት ሐሳብ ለሚመላለስባቸው ሰዎች ብላ፤ ሙሉው ህክምና ደግሞ በየሳምንቱ ከባለሙያው ጋር ለብቻ መገናኘት፣ በቡድን የሚሰጥ የክህሎት ስልጠና፣ ሲጨንቅሽ የምትደውይበት የስልክ ድጋፍ፣ እና ባለሙያዎቹ እርስ በርስ የሚመካከሩበት ቡድን አለው። ስለዚህ ዲቢቲ እሰራለሁ ያለሽን ሰው ከእነዚህ የትኞቹን ይሰጣሉ ብለሽ ጠይቂ። አንዱን ብቻ ቢሆንም አትናቂው። ሲቢቲን፣ ማለትም ለዲቢቲ መሠረት የሆነውን አስተሳሰብንና ባህሪን የማስተካከል ህክምና፣ በደንብ የሚያውቅ ሳይኮሎጂስት አግኝተሽ የዲቢቲን ክህሎቶች፣ ማለትም ልብን አሁን ላይ ማሳረፍን፣ ጭንቅን ችሎ ማለፍን፣ ስሜትን መግራትንና ከሰው ጋር መግባባትን፣ በሥርዓት የሚያስተምርሽ ከሆነ እኔ ብሆን ሳላመነታ እጀምራለሁ። የቡድኑን ስልጠና በኦንላይን መሞከርም ይቻላል፣ በምን ቋንቋ እንደሚሰጥ ብቻ ቀድመሽ አጣሪ።

ጸበልም ከሄድሽ ሂጂ፣ ህክምናሽን ግን አታቋርጪ። ራሴን ልጉዳ የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ የምታምኚውን ሰው ይዘሽ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።